ኬኔዲ ከሆነማ ምረጠው

በ2025 ዋሽንግተን ውስጥ ወንበር የያዙ ኬኔዲዎችን እስቲ ቁጠሩልኝ። የጤና ሚኒስትሩ ሮበርት ኬኔዲ ጁኒየር አንድ። የሉዊዚያናው ሴናተር ጆን ኬኔዲ ሁለት። በተወካዮች ምክር ቤት ደግሞ ከዩታ ማይክ ኬኔዲ፣ ከኒውዮርክ ቲም ኬኔዲ። ከአራቱ መካከል የተገደሉት ፕሬዚዳንት የጆን ኤፍ ኬኔዲ ዘመድ ሚኒስትሩ ብቻ ናቸው፤ የወንድም ልጅ። ሌሎቹ ባዳ ናቸው። ሴናተሩማ ጭራሽ በመጀመሪያ ስማቸውም ከፕሬዚዳንቱ ጋር ሞክሼ ሆነው ሪፐብሊካን ናቸው። (እስከ 2007 ዴሞክራት ነበሩ፤ እሱ ሌላ ጨዋታ ነው።)

እኛ ሐበሾች እንዲህ ያለ ነገር ብዙም አይደንቀንም። አዲስ አበባ ውስጥ የሁለት ሚኒስትሮች አባት ተስፋዬ ቢባል "ወንድማማች ናቸው እንዴ?" የሚል የለም። ተስፋዬ ስንቱ ነው! እዚህ አሜሪካ ግን ስም ከሰውየው ቀድሞ ይሄዳል። ምርጫ ሲደርስ በየቤቱ ደጃፍ ሣር ላይ የሚተከሉትን ትንንሽ ሰሌዳዎች እዩ። ብዙዎቹ ላይ በትልቁ የተጻፈው የቤተሰብ ስም ነው። ምን እንደሚያስብ፣ ምን እንደሠራ አይነግሯችሁም። ስሙን አትርሳ፣ አለቀ።

ይሄ ነገር እስከ የት እንደሚያደርስ ያሳየ አንድ ሰው አለ። ጊዜው 1950ዎቹ፣ ቦታው ማሳቹሴትስ ነው። ሰውየው ጆን ፍራንሲስ ኬኔዲ ይባላል። ከሀብታሞቹ ኬኔዲዎች ጋር ምንም አይገናኝም። ጂሌት ምላጭ ፋብሪካ ውስጥ የዕቃ ክፍል ኃላፊ ነበር። ያኔ ዋናው ጆን ኤፍ ኬኔዲ የዚያው ግዛት ሴናተር ናቸው። የጂሌቱ ሰው በ1954 ለግዛቱ ገንዘብ ያዥነት ተወዳደረ። ፓርቲው የደገፈው ሌላ ሰው ነበር። ቢሆንም አሸነፈ። በ1956 ደገመ። በ1958 ሠለሰ። በዚያ ዓመት ሴናተሩም ለሁለተኛ ጊዜ ይወዳደሩ ስለነበር፣ መራጩ አንድ ምርጫ ላይ ሁለት ጆን ኤፍ ኬኔዲ ቀረበለት። በ1960 "እስቲ ደግሞ ገዥ ልሁን" ብሎ ሲነሳ ግን አልቀናውም።

እኔ ሰውየውን አልወቅሰውም። ስሙን ከማንም አልሰረቀም፣ ከአባቱ ወረሰው እንጂ። የሚገርመኝ መራጩ ነው። የግዛቱን ካዝና ቁልፍ ሲሰጥ "የትኛው ኬኔዲ?" ብሎ ለመጠየቅ እንኳ አልተጨነቀም።

ዋናዎቹ ኬኔዲዎችም ቢሆኑ በዚሁ ስም ነው የተጫወቱት። በ1962 ቴድ ኬኔዲ ገና በ30 ዓመቱ ለሴኔት ሲወዳደር አንዱ ወንድሙ ፕሬዚዳንት፣ ሌላው የፍትሕ ሚኒስትር ነበሩ። በራሱ ፓርቲ ውስጥ የገጠመው ኤድዋርድ ማኮርማክ በክርክሩ ላይ ፊት ለፊት ተናገረው። ስምህ ኤድዋርድ ሙር ብቻ ቢሆን ኖሮ ውድድርህ ቀልድ ይሆን ነበር አለው። ኤድዋርድ ሙር የቴድ የራሱ ስም ነው፤ ኬኔዲ ሲነሳለት የሚቀረው። ጥሩ ምት ነበረች። ችግሩ፣ ተናጋሪው ራሱ የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የነበሩት የጆን ማኮርማክ የወንድም ልጅ ነው! ቴድ እሱን ጥሎ ሲያልፍ የጠበቀው ሪፐብሊካን ደግሞ ጆርጅ ሎጅ ነበር። የጆርጅን አባት በ1952 ከሴኔት ወንበር ያስነሱት ጆን ኬኔዲ ናቸው። እንግዲህ "የባላባት ልጅ" ስንል የኖርነው እኛ ብቻ አይደለንም።

ቴድን ግን "በስም የመጣ" ብሎ ማለፍ ለእኛ አይሆንልንም። በ2009 እስኪሞት 47 ዓመት ገደማ ሴኔት ውስጥ ኖሯል። የ1965ቱን የኢሚግሬሽን ሕግ በሴኔት ይዞ ያሳለፈው እሱ ነው። በደርግ ዘመን በሱዳን በኩል ወጥተው እዚህ ከገቡት ወገኖቻችን ብዙዎቹ የገቡበት የ1980ው የስደተኞች ሕግም የእሱ እጅ አለበት። በ1984 መጨረሻ በረሃቡ ጊዜ ልጆቹን ይዞ ኢትዮጵያ ሄዶ መጠለያዎቹን አይቷል። ከዚያ የ1990ው ሕግ መጣና ዲቪን ወለደ። ዲቪ ሲታሰብ ከታሰበላቸው ሰዎች መካከል አይሪሾች ነበሩ፣ የኬኔዲዎቹ የዘር አገር ሰዎች። ዕጣው ግን እኛ ሰፈርም ወጣ። ስንቱ የዲቪ ባለዕድል የቴድን ስም ሳይሰማ ዜግነት ወስዷል። አዲስ አበባ ላይ ስሙ ቆሞ የሚታየው የወንድሙ ነው፤ ስድስት ኪሎ ኬኔዲ ላይብረሪ ውስጥ ያላጠና ተማሪ መቼም ጥቂት ነው።

ስሙ ሁልጊዜ አይሠራም ደግሞ። ቴድ ከሞተ በኋላ ለወንበሩ በተደረገው ምርጫ ስኮት ብራውን የተባለ ሪፐብሊካን፣ ይህ የኬኔዲዎች ወንበር አይደለም፣ የሕዝብ ነው እያለ ጃንዋሪ 2010 ላይ ወሰደው። በዚያው ምርጫ ጆሴፍ ኬኔዲ የተባለ ዘመድ ያልሆነ ሰው ተወዳድሮ አንድ በመቶ ያህል ድምፅ ነበር ያገኘው። በ2020 የፍትሕ ሚኒስትር የነበረው የሮበርት ኬኔዲ እውነተኛ የልጅ ልጅ፣ ሦስተኛው ጆ ኬኔዲ፣ ለሴኔት ቀርቦ በአዛውንቱ ኤድ ማርኪ ተሸነፈ። ሮበርት ጁኒየር በ2024 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር ደግሞ ገሚሱ ቤተሰብ ባይደንን ደግፎ በአደባባይ ቆመበት።

የእኛ አገር ስም ይህን ሁሉ አያሳይም። ተፈሪ መኮንን በሉ። አባታቸው መኮንን ወልደሚካኤል፣ ልጃቸው አስፋ ወሰን ኃይለ ሥላሴ። አንድ ቤት፣ ሦስት ትውልድ፣ ሦስት የተለያየ የአባት ስም። ታዲያ ዘር አልተቆጠረም? ኧረ ተው! ስሙ የደበቀውን ሰዉ ቆፍሮ ያወጣዋል። የማን ልጅ ነው? እናቱስ? አያቶቹ ከወዴት ናቸው? እስከ ሰባት ቤት ይኬዳል። ምርጫ ላይ ግን ስም ዋጋ የለውም። በኢሕአዴግ ጊዜ የፓርቲውን የምርጫ ምልክት፣ ንቧን፣ ያልሰማ የለም፣ በንቧ ሥር ፓርላማ የገባውን የሰፈሩን ተወካይ ስም የሚያውቅ ግን ከስንት አንድ ነበር።

የቱ ይሻላል ብትሉኝ የአሜሪካው። ጥሩ ስለሆነ አይደለም፣ ግልጽ ስለሆነ ነው። ስሙ ሰሌዳ ላይ ስላለ ማኮርማክ መድረክ ላይ ሊመታው ይችላል። የእኛው ዝምድና ጓዳ ውስጥ ስለሚሠራ ማንም መድረክ ላይ አያወጣው።

ልጆቻችን እዚህ ጨዋታ ውስጥ ገብተዋል። የአባት ወይም የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ቀርቷል፤ እነሱም ለልጆቻቸው ያወርሱታል። በ2018 ከኮሎራዶ ለኮንግረስ የተመረጠው ጆ ንጉሤ አለ፣ ከኤርትራውያን ወላጆች የተወለደ። ፌብሩዋሪ 2021 ላይ በሁለተኛው የትራምፕ የሴኔት ችሎት ከከሳሾቹ አንዱ ሆኖ ሲናገር እኛ ዘንድ ስልኩ ተጨናነቀ። "ንጉሤ አሉ እኮ! የእኛ ልጅ ነው!" ከየትኛው ፓርቲ እንደሆነ፣ ምን እንደሚያምን የጠየቀ የለም። ልክ እንደ ማሳቹሴትስ መራጭ በስሙ ብቻ ወሰድነው። ትንሽ ቆየና "ለመሆኑ የየት ልጅ ነው?" መጣ። ኤርትራዊ መሆኑ ሲሰማ አንዳንዱ "ያው ነው፣ ምን ልዩነት አለው" አለ። አንዳንዱ ደግሞ ወሬውን ቶሎ ወደ ትራምፕ መለሰው።