ለከፈለ ሁሉ

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ የእህቴን ልጅ ፍለጋ ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ያለ አንድ ጌም ቤት ገባሁ። ጠባብ የቆርቆሮ ክፍል ናት። ሦስት ቴሌቪዥን፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ከአሥር የማያንሱ ልጆች። ሁለቱ ላይ ፊፋ ይጫወታሉ። ሦስተኛው ፊት የእኔው ጉድ ተቀምጧል። አሥር ዓመቱ ነው። ጆይስቲኩን ጨብጦ መንገደኛ በመኪና ይገጫል፣ ወርዶ በጥይት ይጨርሰዋል፣ ብሩን ይለቅማል። ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ነው።

ባለቤቱን «ይሄ ጨዋታ ለስንት ዓመት ልጅ ነው?» አልኩት።

«ለከፈለ ሁሉ ነው ጋሼ።»

እያሾፈ አልነበረም። ዲስኩ ኮፒ ነው፤ ስሙ በእስክሪብቶ ተጽፎበታል። የዕድሜው ቁጥር የሚታተመው ማሸጊያው ላይ ነው፤ ማሸጊያው ደግሞ ደሴ አልደረሰም።

ለዚያ ቁጥር አሜሪካኖች ስንት ተጨቃጭቀዋል! እ.ኤ.አ. በ1993 ሞርታል ኮምባት የሚባለው የድብድብ ጨዋታ ደሙ በዛ ተብሎ ጉዳዩ ሴኔት ድረስ ሄደ። የጌም ኩባንያዎቹ መንግሥት ሳይቀድማቸው በማግሥቱ ዓመት ኢኤስአርቢ የተባለ የራሳቸውን ዕድሜ መዳቢ አቋቋሙ። ሳን አንድሪያስ በ2004 ሲወጣ ይኸው ድርጅት «ከ17 ዓመት በላይ» አለው። ተኩሱ፣ ዘረፋው፣ ፖሊስ መግደሉ ሁሉ ታይቶ ማለት ነው። በ2005 ግን ዲስኩ ውስጥ ተደብቆ የቀረ የወሲብ ትዕይንት ተገኘና አገር ተቀወጠ። ደረጃው ወደ 18 ከፍ አለ፤ ትልልቅ መደብሮች ከመደርደሪያ አወረዱት። ኩባንያው ትዕይንቱን አውጥቶ እንደገና ሲያቀርበው ወደ 17 ተመለሰ። ያ ሁሉ ግርግር ለአንድ ዓመት ልዩነት። ግድያው ግን ከመጀመሪያውም በ17 አልፎ ነበር።

እኔን የከነከነኝ ይሄ ነው። ቁጥሩን የመደቡት ሰዎች በሐሳባቸው የነበረው ልጅ ጥይት በቴሌቪዥን ብቻ የሚያውቅ ነው። የእኛዎቹ እንደዚያ አይደሉም። ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ የእህቴ ልጅ ገና ሕፃን ነበር። እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ ያየውንና የሰማውን ማንም ቁጭ አድርጎ አልጠየቀውም። «አብሽር፣ አለፈ» ብለን ዘጋነው። ያን ቀን ጌም ቤት ውስጥ አጠገቡ ቆሜ ሳለ ወደ ጓደኛው ዞሮ ምን ቢለው ጥሩ ነው? «ይሄ ድምፅ ውሸት ነው። ዲሽቃ እንዲህ አይደለም የሚለው።»

ጓደኛውም ራሱን ነቀነቀ። የፊፋዎቹ ጎል ጎል ይላሉ።

ጌም ልጅን ነፍሰ ገዳይ ያደርጋል እያልኩ አይደለም። የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መግለጫ፣ ከባድ ወንጀልን ከጌም ጋር ለማያያዝ በቂ ማስረጃ የለም ብሏል። አነስተኛ ግንኙነት ያየው ከጩኸትና ከግፊያ ዓይነት ቁጡነት ጋር ነው። እንዲያውም እውነቱን ልናገር፣ ልጁ እዚያ ሲጫወት ደስተኛ ነበር። ምናልባት ተኳሹ እሱ ሆኖ፣ ሲያሻው የሚያቆመው ጦርነት ማግኘቱ ይሆናል ያስደሰተው። አላውቅም። ግን ይህን የሚወስነው ዲስክ አከራይ መሆን የለበትም።

ሕጉማ ዕድሜ መጠየቅ ያውቃል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮልና ሲጋራ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ይከበራል ወይ? እሱን ተዉት፤ ቢያንስ ተጽፏል። ስልክ ላይማ ጭራሽ ነው። የጎግል መተግበሪያ መደብር ላይ ያለው የዕድሜ ቁጥር የሚወጣው የጌሙ ሠሪ ራሱ ከሚሞላው መጠይቅ ነው። ስልኩ ደግሞ የእናት ነው፤ አካውንቱም የአዋቂ። ፐብጂ የሚባለው የተኩስ ጨዋታ ሲከፈት ማንን ይጠይቃል?

ጌም ቤቶቹ ይዘጉ የሚሉ አሉ። አልስማማም። ከተዘጉ ልጆቹ ጓዳ ይገባሉ፣ ወጣቶቹም እንጀራቸውን ያጣሉ። የምለው ቀላል ነገር ነው። ንግድ ፈቃድ የሚያድሰው ክፍል አንድ ወረቀት ግድግዳ ላይ ያስለጥፍ፦ የተኩስ ጨዋታ ከዚህ ዕድሜ በታች አይከፈትም። ቁጥሩን እንደ ፈረንጆቹ 17 ይበሉት ወይም 15፣ እሱ ላይ አልሟገትም። ብቻ ሲወስኑ የኅዳሩን ነገር ከሚያውቅ የሰፈር አስተማሪና ወላጅ ጋር ይምከሩ።

ባለቤቱን በሌላ ቀን ሄጄ አነጋገርኩት። ሻይ ጠጣን። የራሱም ታናሽ ወንድም እዚያው እንደሚጫወት ነገረኝ። በመጨረሻ «እሺ፣ እስኪመሽ ፊፋ ብቻ» አለ። ሁለት ቅዳሜ ጠበቀ። ሦስተኛው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ አምሽቶ ገባ።