ልጆች ሲጠይቁ ዝም አናሰኛቸው

ደሴ ውስጥ ዜና ሲጀምር በብዙ ቤት የሚደረገው ተመሳሳይ ነው። ልጆቹ ወደ ጓዳ ወይም ወደ ደጅ ይላካሉ። አዋቂው ተጠጋግቶ ያዳምጣል፣ ያንሾካሹካል። አንዱ ልጅ መለስ ብሎ «ምን ሆነ?» ካለ መልሱ የታወቀ ነው፦ «ምንም። አንተን አይመለከትህም።»

እኔ ይመለከተዋል ባይ ነኝ። ልጅን ከክፉ ወሬ መጠበቅ የወላጅ ወግ ነው። ግን ያለፉት ዓመታት ነገር በሩቅ የሚሰማ ወሬ ብቻ አልነበረም። እቤታችን ድረስ ገብቶ ከርሟል። ጥቅምት 2014 የሕወሓት ኃይሎች ደሴን ሲይዙ ስንቱ ቤተሰብ ልጅ አዝሎ በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ወረደ። ኮምቦልቻም ወዲያው ተያዘች። ከተሞቹ እስኪለቀቁ ኅዳር ወር ሊያልቅ ነበር። ያኔ በጀርባ የታዘሉት ልጆች ዛሬ ደብተር ይዘው ትምህርት ቤት ይመላለሳሉ። ምንም አያውቁም ብለን እንዴት እናስባለን?

እኛ ቤት ቁም ሳጥኑ ላይ አንድ ፌስታል አለ። የልጆቹ የልደት ካርድ፣ የክትባት ካርድ፣ የቤቱ ካርታ፣ የእናትና የአባት የትምህርት ማስረጃ አንድ ላይ ታስሮ ተቀምጧል። ድንገት ከተነሳን የሚያዝ ነው። ለልጆቹ ስለሱ ነግረናቸው አናውቅም። አንድ ቀን የልጄ ጓደኛ ሊጫወት መጥቶ ቀና ሲል አየው። «የእኛ በር ጀርባ ነው ያለው» አለ። ምንድን ነው ብሎ አልጠየቀም። ልጄም አላስረዳውም። ሁለቱም ያውቁታል።

ስለዚህ ልንመልስ የሚገባን ጥያቄ ሌላ ነው። ከማን ሰምተው ይወቁት?

ባለፈው ልጄ ከትምህርት ቤት መጥቶ፣ ክፍላቸው ከወለጋ ተፈናቅላ የመጣች ልጅ መግባቷን ነገረን። ከዚያ «ሰዎቿ የወሎ ከሆኑ ወለጋ ምን ሊሠሩ ሄዱ?» አለ። አባቱ በዓይኑ ቆጣ አደረገው። እናቴ ግን ረከቦቱ ላይ ጎንበስ እንዳለች «ና ቁጭ በል፣ ልንገርህ» አለችው።

ነገረችውም። የ1977ቱን ረሃብ ከሥሩ ጀመረችለት። ዝናቡ እንደቀረ፣ ጎተራው እንደተራቆተ፣ የደርግ መንግሥት ሰዉን በመኪና እየጫነ ለሰፈራ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ መተከል እንደወሰደው። ወዶ የሄደ እንዳለ፣ ተገዶ የሄደም እንዳለ። ባልና ሚስት ተለያይተው የቀሩም እንዳሉ። ከዚያ እዚያው ወልዶ ከብዶ፣ እርሻ አቅንቶ፣ ዓመታት ከኖረ በኋላ በወለጋው ግድያ ምክንያት ነፍሱን ይዞ ወደ ወሎ የተመለሰውን ሕዝብ አነሳችለት። ሐይቅ አካባቢ ሸራ ቤት ውስጥ የተጠለሉትን ጭምር። ማንንም ብሔር አልሰደበችም። የገዛ ዘመዶቿን ስም ግን እየጠራች «አላህ ይዘንላቸው» አለች።

ልጁ አንድም ጊዜ አላቋረጣትም። ስትጨርስ «ታዲያ እሷ እዚህ አያት አላት?» ብሎ ጠየቀ። እናቴም «አላውቅም። አምጣትና እንጠይቃት» አለችው።

እኛም ያደግነው እንዲህ ነው። የ66ቱንም የ77ቱንም ድርቅ የሰማነው ከአቦል ጋር ነው። ዱአው ተደርጎ፣ አሚን ተብሎ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎረቤት በተቀመጠበት። «ልጆች ውጡ» ያለን አልነበረም። ሰምተን አልተሰበርንም። እህል መድፋት ነውር እንደሆነ የገባን ከዚያ ወሬ ነው።

የዛሬ ወላጅ ለምን ዝም እንደሚል ይገባኛል። ይፈራል። ልጅ የሰማውን ደጅ ወስዶ ያወራል። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በመንግሥትና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ውጊያ እየተካሄደ፣ አንዲት ቃል ማንን እንደምታስከፋ አይታወቅም። ይህን ፍርሃት ቀላል ነው አልልም። ግን እኛ ዝም ስንል ስልኩ ዝም አይልም። ልጆቹ ቲክቶክ ላይ ሬሳም ያያሉ፣ ብሔር እየጠራ የሚራገም ሰውም ይሰማሉ። እኛ የዘለልነውን ጥያቄ ያ ሰው ይመልስላቸዋል። በጥላቻ ለውሶ ይመልስላቸዋል።

የጦርነቱ ብቻ አይደለም። ኑሮውም እንደዚሁ ነው። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የደሞዝተኛ ቤት ልጅ አዲስ ጫማ ሲጠይቅ «አርፈህ ተቀመጥ» ከሚባል፣ ይሄ ቢነገረው ምን አለበት? የአንድ ልጅ አክስት ነገርም አለ። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ትሰፋ ነበር። መጀመሪያ ጦርነቱ መጣ። ከዚያ በታኅሣሥ 2014 አሜሪካ ከአጎዋ አስወጣችን፣ ያለ ቀረጥ የመላክ ዕድሉም ተዘጋ። እሷም ዓረብ አገር ሄደች። ለልጁ የተነገረው «ሥራ አገኘች» ነው። እሱ ግን ትታኝ ሄደች ብሎ አኩርፎ በስልክ አላናግርም ይላታል። እውነቱ ቢነገረው ይናፍቃት ነበር እንጂ አያኮርፋትም ነበር።

ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ይዘርገፍ አላልኩም። ለሰባት ዓመት ልጅ የሚነገረውና ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ የሚነገረው ይለያያል። የሞተ ሰው ፎቶ ለማንኛውም ልጅ አይታይም። የማናውቀውን አናውቅም እንበል፣ እናቴ እንዳለችው። የቤት ወሬና የደጅ ወሬ እንደሚለይም እናስተምራቸው፣ በዚህ ዘመን ግዴታ ነው። ግን በጅምላ «እነሱ» እያልን አናውራላቸው። ልጅ ከሁሉም ቀድሞ የሚይዘው እሱን ነው።

አያት ያለበት ቤት ደግሞ የታደለ ነው። ብዙ ሰፈር ግን ቡናው የሚፈላው ልጆቹ ትምህርት ቤት ሳሉ ነው። ሲመለሱ ረከቦቱ ተነስቷል፣ ጎረቤቱ ተበትኗል፣ ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል። በሳምንት አንዴ፣ ቢያንስ ቅዳሜ ወይም እሑድ፣ እነሱ ባሉበት ይፈላ። ቴሌቪዥኑ ይጥፋ፣ ስልኩም ይቀመጥ። ቶናው እስኪደርስ ይጠይቁ።