ከፍሎ የመፍዘዝ ሥልጣኔ

የ18ኛው ክፍለ ዘመን የፓሪስ ታላላቅ ሰዎች ተገቢውን ምስጋና ሳያገኙ ማለፋቸው ያሳዝናል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዛሬ አንድ ዜማ ወይም አንድ ጥንድ ዓይን ቀልባቸውን ገዝቶ ሲያፈዛቸው «ሜስመራይዝ አደረገኝ» የሚሉት የዶክተር ፍራንዝ አንቶን ሜስመርን ስም ግሥ አድርገው ነው፤ ነገር ግን ለመፍዘዝ የተዘጋጀ ሕዝብ ባይኖር ዶክተሩ ብቻቸውን ምን ያህል ያፈዙ ነበር? በእኛ አገር አፍዝ አደንግዝ ይዟል ተብሎ የተጠረጠረ ሰው ሲመጣ መንገድ ይቀየራል። የፓሪስ መኳንንት ግን በሠረገላ ፈልገው አገኙት፤ ከፍለውም ገቡ።

ዶክተሩ እ.ኤ.አ. በ1766 በቪየና የተመረቁት ፕላኔቶች በሰው አካል ላይ ስላላቸው ተጽዕኖ ጽፈው ነው። በኋላም በፍጥረት ሁሉ ውስጥ የማይታይ ፈሳሽ እንደሚዘዋወር፣ በሽታ ማለትም የዚህ ፈሳሽ መታገድ እንደሆነ፣ እርሳቸውም በእጃቸው ሊያስተካክሉት እንደሚችሉ አስተማሩ። የቪየና ሐኪሞች ማስረጃ የመጠየቅ ክፉ አመል ስለነበረባቸው አልተግባቡም፤ በ1778 ፓሪስ ገቡ።

በዚያም ብርሃኑ በደበዘዘ አዳራሽ መካከል ክዳን ያለው ትልቅ የእንጨት ገንዳ ተቀመጠ። በውስጡ ውኃ፣ ጠርሙሶች፣ የተፈጨ መስተዋትና የብረት ብናኝ ነበሩበት። ከክዳኑ ከወጡት ቆልማማ የብረት ዘንጎች አንዱን ሆዱን የሚያመው በሆዱ፣ ራሱን የሚያመው በራሱ ላይ አስደግፎ፣ ከጎረቤቱ ጋር በገመድ ተያይዞ፣ በእርጥብ ጣት ከሚዳሰስ ብርጭቆ የሚወጣውን ዜማ እየሰማ ይጠብቃል። ዶክተሩ ሐምራዊ የሐር ካባ ለብሰው ሲገቡ አንዷ ትስቃለች፣ ሌላዋ ታለቅሳለች፣ ሦስተኛዋን ይጥላታል፤ የወደቀም ፍራሽ ወደተነጠፈበት ክፍል ይወሰዳል። መንፈራገጥ የመዳን ምልክት በሆነበት ቤት፣ ሳይወድቁ መመለስ ምን ያህል እንደሚያሳፍር አስቡት። ለድሆችም ኃይሉ የሰፈረበት ዛፍ ተሰጥቷቸዋል፤ እኩልነት ከፈረንሳይ አብዮት በፊት ተጀምሮ ነበር ማለት ነው። በ1783 የተቋቋመው የደቀ መዛሙርት ማኅበር በበኩሉ ምስጢሩን ለመማር ከአንድ ሰው ሉዊ የሚባለውን የወርቅ ሳንቲም 100 ያስከፍል ነበር። ልክ ነው፤ የረከሰ ምስጢር ማንን ያፈዛል?

ይህን የመሰለ ደስታ የሚረብሽ አይጠፋምና፣ በ1784 ንጉሥ ሉዊ 16ኛ መርማሪዎችን ሰየሙ። ከእነርሱም መካከል ቤንጃሚን ፍራንክሊን፣ ኬሚስቱ ላቭዋዝዬ፣ የሥነ ፈለክ ሊቁ ባዪና ዶክተር ጊሎቲን ነበሩ። በፍራንክሊን የአትክልት ስፍራ የሜስመር ደቀ መዝሙር ዶክተር ዴስሎን አንዱን የአፕሪኮት ዛፍ ኃይል ከሞሉት በኋላ፣ አንድ የ12 ዓመት ልጅ ዓይኑ ታስሮ ምንም ወዳልተደረገባቸው ሌሎች ዛፎች ተወሰደ። በመጀመሪያው አላበው፣ አሳለውም፤ አራተኛው ዘንድ ራሱን ስቶ ወደቀ። ዶክተር ዴስሎን አልደነገጡም፤ ዛፍ ሁሉ በተፈጥሮው ኃይሉ አለበት ሲሉ አስረዱ። እንዲህ ከሆነ ኃይሉ ቶሎ የሚሰማው ሰው ሳይወድቅ በአትክልት ስፍራ መመላለስ አይችልም ብለው የተከራከሩት መርማሪዎች ምን ያህል ደረቅ ሰዎች እንደነበሩ ከዚህ ይታወቃል። ፈሳሹ የለም፣ የሚጥለው ምናብ ነው ብለውም ጻፉ። የተከበረ ሰው በምናቡ ወደቀ መባልን ይቀበላል?

አልተቀበለም። ልማዱ ከፓሪስ አልፎ ተስፋፋ፤ እንግሊዝም ደረሰ። በ1840ዎቹ ስኮትላንዳዊው ሐኪም ጄምስ ብሬድ የፈሳሹን ሐሳብ ጥለው «ሂፕኖቲዝም» የሚል ስም ቢያወጡለትም፣ ሕዝቡ የዶክተር ሜስመርን ስም ላማረውና ለሚያፈዝዘው ነገር ሁሉ አስቀረው። ለመርማሪዎቹም ቢሆን ውለታቸው አልተረሳም፤ የዶክተር ጊሎቲን ስም የአንገት መቁረጫ መሣሪያ መጠሪያ ሆነ። ባዪ በ1793፣ ላቭዋዝዬ በ1794 በዚሁ መሣሪያ ሥር አለፉ፤ ያን ጊዜ መመልከቻው በነፃ ነበር።