ውሃ የተከለከልኩበት ጨዋታ

ጓደኛዬ ውሃ ከለከለኝ። በጨዋታ ነው። ግን ስምንት ወር አልፎትም አሁን ድረስ ያንገበግበኛል።

የምኖረው አሪዞና፣ ፊኒክስ ነው። ቅዳሜ ማታ አምስት ሆነን ጠረጴዛ ከበን ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ እንጫወታለን። እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጨዋታ ነው፤ ያለ ስክሪን፣ በአፍና በዳይስ የሚሄድ። አንዱ አጫዋች ሆኖ ታሪኩን ይተርካል። ሌሎቻችን አንዳንድ ጀግና ይዘን «እንዲህ አደርጋለሁ» እንላለን። መሳካት አለመሳካቱን ከ1 እስከ 20 ቁጥር የተጻፈበት፣ የሚወረወር ባለ 20 ጎን ዳይስ ይወስናል።

ያን ቀን በረሃ እያቋረጥን ነበር። የኔ ጀግና ከእግር እስከ ራሱ ብረት የለበሰ ወታደር ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ሕግ ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰና የሚጠጣ ውሃ ከሌለህ፣ በየሰዓቱ ዳይስ ትጥላለህ። በመጀመሪያው ሰዓት 5 ካመጣህ ይበቃሃል። በሚቀጥለው 6፣ ከዚያ 7 እያለ ይከብዳል። ብረት ከለበስክ ደግሞ ሁለቴ ጥለህ ትንሹ ይያዝልሃል። በወደቅክ ቁጥር አንድ ደረጃ ድካም ይጨመርብሃል። ሁለተኛው ላይ እርምጃህ በግማሽ ይቀንሳል። አምስተኛው ላይ ከቦታህ አትነቃነቅም። ስድስተኛው ሞት ነው።

አራተኛው ላይ ደረስኩ። አጠገቤ ያለው ልጅ ሁለት ኮዳ ሙሉ ውሃ አለው። «አንዱን ስጠኝ» አልኩት። የጀግናው ንብረት የተመዘገበበትን ወረቀት አየና «የራስህን መያዝ ነበረብህ» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም። ሒሳቡን ነው የነገረኝ። በሕጉ መሠረት በሙቀት ጊዜ ለአንድ ሰው በቀን ሁለት ጋሎን፣ ሰባት ሊትር ተኩል ገደማ ያስፈልጋል። አንድ ኮዳ ሁለት ሊትር ያህል ነው የሚይዘው። ለራሱም አራት ኮዳ ያስፈልገው ነበር። ገባኝ። ግን ውሃ እኮ ነው! ጎጃም ተወልዶ ውሃ ተከልክሎ የሚያውቅ ሰው ማን አለ? የማታውቀው ሰው ደጅ ቆመህ «ውሃ አጠጡኝ» ስትል ቅራሪ ይዘው ነው የሚወጡት። ውሃ ብቻ መስጠት ያሳፍራቸዋል።

ጀግናዬ ሞተ። ሁለት ዓመት ይዤው ነበር።

ቢሆንም ሕጉን አልጠላሁትም፣ ወደድኩት እንጂ። ሙቀትን ጠላት አድርጎ በሰዓት ይቆጥረዋል። የፊኒክስ ሰው ደግሞ ይህን በኑሮው ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 እዚህ ከተማ 31 ቀን በተከታታይ ሙቀቱ 43 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሆኗል። ማንም ያለ ውሃ ከቤቱ አይወጣም፤ መኪና ውስጥ ትርፍ ውሃ ይቀመጣል፣ ቀን ሥራ ያለው ሰው ጎህ ሳይቀድ ይጀምራል።

እኛስ? ለፋሲካ አገር ቤት ገብቼ ወደ ማርቆስ ስሄድ አውቶቡሳችን ዓባይ በረሃ ውስጥ ተበላሸ። ወንዙን ተሻግረን ወደ ደጀን ዳገቱን ጀምረን ነበር። ከጎሐ ጽዮን በብርድ ተነስተህ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ስትወርድ ሌላ አገር ነው የምትገባው፤ ያውም በእኩለ ቀን። ታዲያ በዚያ ሙቀት መስኮቱ ሁሉ ዝግ ነው! እኔ እከፍታለሁ፣ ከኋላ «ዝጋው፣ ብርድ ይመታናል» ይሉኛል። ሕፃን በጋቢ ተጠቅልሎ ያልበዋል። አንድ ሰውዬ ውሃ ሊጠጣ ሲል «በላብህ ቀዝቃዛ አትጠጣ፣ ሳንባህን ይመታሃል» ብለው አስቀመጡት። ወገኖቼ፣ ላብ ማለት እኮ ሰውነት ውሃ እያወጣ ነው ማለት ነው። የወጣው ካልተተካ ደም ይወፍራል፣ ልብ ይደክማል፣ ራስ ይዞራል። ነፋሱ ደግሞ ላቡን ሲያደርቀው ነው ገላ የሚቀዘቅዘው። መስኮቱን ክፈቱ፣ ውሃውንም ጠጡ!

ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የነበሩት እናት፣ መስኮቱን ሁለት ጊዜ ያዘጉኝ እሳቸው ናቸው፣ ከዘንቢላቸው የሃይላንድ ጠርሙስ አወጡ። ቅራሪ ነው። «እንካ ልጄ፣ ጉሮሮህን አርጥብ» አሉኝ። «እርስዎስ እናቴ?» ስላቸው «አንተ ጠጣ» አሉ። ጠርሙሱ ከኔ ወደ ፊት ወንበር አለፈ፣ ከዚያ ወደ ኋላ። ለሳቸው የተመለሰላቸው ዝቃጩ ነው። ስንት ሰው እንደጠጣ አልቆጠሩም። ለመድረሻቸው ስንት እንደሚያስፈልጋቸውም አልቆጠሩም። ይሄኛው ደግሞ ያሳስበኛል፤ ሁለት ሰዓት ነው ፀሐይ ላይ የቆምነው፣ እሳቸው ደግሞ የዕድሜ ባለጸጋ ናቸው።

ማርቆስ ደርሼ ለእህቴ ልጆች ጨዋታውን አስተማርኳቸው። ሦስት ናቸው፣ ትልቁ 14 ዓመቱ። ያንኑ በረሃ ሰጠኋቸው፣ ያንኑ ሕግ። ብረት ለባሹን የያዘው መጀመሪያ ያደረገው ብረቱን አውልቆ አህያ ላይ መጫን ነው። «አጎቴ፣ በዚህ ሙቀት ቁምጣ ነው እንጂ ብረት ይለበሳል እንዴ?» አለኝ። መካከለኛዋ ቀኑን ዛፍ ጥላ ሥር ውለን ሌሊት እንሂድ አለች። አያታችን በቅሎ እየጫኑ ዓባይን ሲሻገሩ ዶሮ ሳይጮህ ነበር የሚወርዱት። እሷ አላገኘቻቸውም፣ ግን ከእናቷ ሰምታለች። ከዳይሱ ግማሹን ሳይጥሉት ቀሩ።

የመጨረሻው የስምንት ዓመት ልጅ ነው። የእህቱ ኮዳ ሲያልቅ ወረቀቱን ገፋ አደረገላትና «የኔን ትጠጣ» አለ። ማንም አልጠየቀውም። እሱ ራሱ የቀረው አንድ ኮዳ ነበር። ይህን ልጅ ፊኒክስ ያለው ጠረጴዛ አጠገብ ባስቀምጠው ብዬ ተመኘሁ።

የሱም ሊያልቅ ሲል ቀና ብሎ አየኝ። «አጎቴ፣ በዚህ መንገድ ላይ ቤት የለም? ውሃ አጠጡን እንበላቸው» አለኝ።

በረሃውን ስሠራ ቤት አላሰብኩም ነበር። እርሳስ አነሳሁና ወረቀቱ ላይ አንዲት ጎጆ ሳልኩ።