«መሬቱ አርጅቷል» ከማለታችን በፊት

ከጮቄ ተራራ ግርጌ፣ ስናንና ማቻከል አካባቢ፣ ማሳው እምቢ ያለውን ገበሬ ብትጠይቁት «መሬቱ አርጅቷል» ሊላችሁ ይችላል። ያየውን ነው የሚናገረው። ገብሱ ይበቅልና ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ነቅላችሁ ብታዩት ሥሩ አጭርና ወፍራም ነው፤ ወደ ታች መውረድ ተስኖታል። ባቄላማ ጭራሽ አይሆንለትም። ስለዚህ እንግዶ (የአጃ ዓይነት እህል) ይዘራል፤ እንግዶ የደከመ መሬት ይችላል።

መሬቱ ግን አላረጀም፤ አሲድ በዝቶበት ነው። የደጋው ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን ለዘመናት አጥቦ ወሰደው። መድኃኒቱ ይታወቃል፤ ኖራ ነው። የኖራ ድንጋይ ደግሞ በዓባይ በረሃ ሞልቷል።

ይህን ያነሳሁት ስለ ተስፋና ስለ ጨለምተኝነት ስናወራ የምንስተው እዚህ ላይ ስለሚመስለኝ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ማርቲን ሴሊግማን እንደሚለው፣ ልዩነቱ ያለው ክፉ ነገር ሲደርስብን ለራሳችን በምንሰጠው ምክንያት ላይ ነው። ጨለምተኛው «ይሄ አይለወጥም፤ ሁሉም ነገሬ እንዲህ ነው» ይላል። ተስፈኛው «ይሄ ምክንያት አለው፤ ያልፋልም» ይላል። እርጅና መድኃኒት የለውም፤ አሲድ ግን አለው። መሬቱ አረጀ ብሎ ያመነ ሰው ኖራ ፍለጋ አይሄድም።

እንዲህ ስል ግን «ሁሉም ለበጎ ነው» እያልን እንቀመጥ ማለቴ አይደለም። ጎጃም ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ጦርነት ውስጥ ናት። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጁ ቤት ለዋለበት አባት «አይዞህ፣ በጎ በጎውን አስብ» ማለት ጭካኔ ነው። የሰውየው ሐዘን በሽታ አይደለም። የሆነውን በትክክል ስላየ ነው ያዘነው።

ፍርሃትም ቢሆን ጥቅም አለው። አዊ ውስጥ፣ ፋግታ ለኮማ ላይ፣ ገበሬው በተጎዳ መሬቱ ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ዛፍ ተከለ። ዛፉ በጥቂት ዓመት ይደርሳል፤ ከሰል ሆኖ ይሸጣል፤ መሬቱም አገግሞ እንደገና ጤፍ ያበቅላል። ግሩም ሥራ ነበር። ኋላ ላይ ግን ዛፉን በሽታ መታው። ማሳውን በሙሉ በዲከረንስ የሸፈነ ሰውና ለእህል ጥቂት ያስቀረ ሰው ጉዳታቸው እኩል ሊሆን አይችልም። «የፈሩት ይደርሳል» ስንል አንገታችንን ለመድፋት ብቻ መሆን የለበትም፤ አስቀድሞ ለመዘጋጀትም ይሆናል።

እኔ የማደንቀው ከማሳው አንዷን ጥግ በኖራ አክሞ ባቄላ የሚሞክረውን፣ በቀረው ላይ እንግዶውን የሚዘራውን ገበሬ ነው። ተስፋውም ፍርሃቱም ሥራ ላይ ናቸው።

ይሄ ሰው ግን ብቻውን አይችለውም። ለአንድ ሄክታር ብዙ ኩንታል ኖራ ያስፈልጋል፤ በአህያ ተጭኖ አያልቅም። ደግሞም ዘር ከመዘራቱ ቀደም ብሎ ከአፈሩ ጋር መታረስ አለበት። ዘር ከተዘራ በኋላ የደረሰ ኖራ ለዚያ ክረምት አይፈይድም፤ ገበሬውም በሚቀጥለው ዓመት «ሞክሬው ነበር፤ አልሆነም» ይላል። መንግሥትም ይሁን ማኅበር፣ ኖራ የሚያከፋፍል ሁሉ ሚያዝያ ላይ ቀበሌው ድረስ ያድርሰው።