ለክቡር «አንዴ ላስቸግርህ»፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ በቀን ስድስት ጊዜ ስለሚጎበኙን ምስጋና ስለማቅረብ

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? ጎንደር ነንና ሰላምታ አናጎድልም። እርስዎም ይህንኑ ስለሚያውቁ ነው የበሩን መቃን ተደግፈው ልጆቹንም እናትንም ጎረቤትንም ደህና መሆናቸውን ካጣሩ በኋላ «አንዴ ላስቸግርህ» የሚሉት። የቅኔ አገር ሰው ነዎት፤ ሰሙ «አንዴ»፣ ወርቁ «እስከ ምሳ»።

ውለታዎን በቁጥር እንመዝግበው። የመንግሥት ቢሮ ሳምንት 39 ሰዓት ነው፤ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ስምንት ስምንት፣ ዓርብ ሰባት። በቀን 6 ጊዜ ብቅ ቢሉ፣ ጉዳይዎ 3 ደቂቃ ቢፈጅ፣ እርስዎ ከወጡ በኋላ ወደ ተተወው ሥራ ተመልሶ ለመግባት 10 ደቂቃ ቢወስድ፣ 78 ደቂቃ ይሆናል። በአምስት ቀን 6 ሰዓት ተኩል። ዓርብን በፌስታል ጠቅልለው ይዘው ሄዱ ማለት ነው። እርስዎ የሚቆጥሩት ሦስቷን ደቂቃ ብቻ ነው፤ አሥሯ በእኛ ሒሳብ ናት።

አሥሯ ከየት መጣች ይሉ ይሆናል። የወር መጨረሻ ፔሮል ተዘርግቷል እንበል። ዓይን ረድፍ 47 ላይ ነው፤ የትርፍ ሰዓቱ ድምር ከተፈረመው ቅጽ ጋር በ120 ብር አልገጠመም፣ ምክንያቱም ሊገኝ ጫፍ ላይ ደርሷል። እርስዎ ይገባሉ። ቴምብር የት እንደሚሸጥ ይጠይቃሉ። ይወጣሉ። ረድፍ 47 እዚያው አለች፤ 120 ብሩ ለምን እንደጎደለ የመጣልን ሐሳብ ግን ከእርስዎ ጋር ወጥቷል። ሶፊ ሌሮይ የምትባል ተመራማሪ በ2009 (እ.ኤ.አ.) ስም አውጥታለታለች፤ ሳያልቅ የተተወ ሥራ አእምሮ ውስጥ የሚተወው ቅሪት ነው። እኛ አተላ እንበለው። አተላው ለእርስዎም ይተርፋል፤ የቴምብሩን ቦታ ስንነግርዎ ግማሽ ልባችን ፔሮሉ ላይ ስለነበር ወደማይሆን ቢሮ ልከንዎታል። ደረጃውን ሦስት ፎቅ ወጥተው የወረዱት በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ከነገ ጀምሮ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 4፡00 የለንም። አለን፣ ግን የለንም።

ዘዴው ከጣሊያን የመጣ ነው። ጣሊያን ጎንደር ላይ በኅዳር 1934 ዓ.ም. እጁን ሲሰጥ ፒያሳን ከነስሟ ትቶልን ነበር፤ ፖሞዶሮ፣ ማለትም ቲማቲም፣ የደረሰን ግን ዘግይቶ ነው። ፍራንቼስኮ ቺሪሎ ተማሪ ሳለ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.)፣ በቲማቲም ቅርጽ በተሠራ የማዕድ ቤት ሰዓት ጀመረው፤ 25 ደቂቃ አንድ ሥራ ብቻ፣ 5 ደቂቃ እረፍት። ሦስት ዙር 90 ደቂቃ ይሞላል፤ እኛም አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለነዋል። ከባዱ ሥራ በአቦል ይጀመራል፣ በቶና ይገፋል፤ በረካ ላይ አዲስ ነገር አይነካም፣ የተሠራው ይታረማል እንጂ። ሰዓቱ የስልክ እንዳይሆን፤ «ስንት ቀረ» ብሎ ስልክ የነካ ጣት ቴሌግራም ላይ ነው የሚያርፈው። ርካሽ የጠረጴዛ ሰዓት ይበቃል። ስልኩ ድምፁ ጠፍቶ መሳቢያ ይገባል። በፊቱ መድፋት ዋጋ የለውም፣ ጠረጴዛው ላይ ሲንቀጠቀጥ ይሰማል።

ይህም ሆኖ እንደሚመጡ እናውቃለን። ሲመጡ ቀና ብለን ካላየንዎ አይቀየሙ፤ አሥር ሰከንድ ብቻ ነው። በብጣሽ ወረቀት ላይ እንዲህ እየጻፍን ነው፦ «ረድፍ 47፣ 120 ብር፤ ቀጥሎ የሐሙሱ ፈረቃ ሁለት ጊዜ ተቆጥሮ እንደሆነ ይታይ።» የት እንደቆምን ብቻ መጻፍ አይበቃም፣ ቀጥሎ ምን እንደሚሠራ ካልተጻፈ ወደ ሥራው ስንመለስ ወረቀቷም ባዕድ ትሆናለች። ሌሮይ ራሷ በ2018 (እ.ኤ.አ.) ከባልደረባዋ ጋር እንዳሳየችው፣ እንዲህ የጻፈ ሰው አስተጓጉሎ የመጣውን ጉዳይ በተሻለ ልብ ይሰማል። ትርፉ የእርስዎ ነው።

ከዚያ እንነሳለን። ለክብርዎ ይመስላል፤ እውነቱ የቆመ ሰው ወሬ አያረዝምም። ሁለተኛው ወንበር ላይ ፋይል የተከመረውም በስንፍና አይደለም። ቀጥሎ አንዲት ጥያቄ፦ «እስከ 10፡30 ቢቆይ ምን ይበላሻል?» የሚበላሽ ካለ አሁኑኑ እንሠራዋለን፤ ብዙ ጊዜ የለም። «ቆይተው ይምጡ» ማለትን ትተናል፣ በእርስዎ ቋንቋ «ከአሥር ደቂቃ በኋላ» ማለት ስለሆነ። ሰዓት ቆርጠን እንነግርዎታለን፤ ረፋድ ከ5፡30 እስከ 6፡15፣ ከሰዓት ከ10፡30 እስከ 11፡00። ዓርብ የረፋዱ የለም፣ ቢሮው ለምሳ የሚወጣው 5፡30 ነው። በመጨረሻ «ልሸኝዎት» እንላለን። እንግዳ መሸኘት ባህላችን ነው፤ ከበር ውጭ ቆሞ «ሌላም ነገር ነበረኝ» ማለት ደግሞ ለእርስዎም ይከብዳል።

ቅሬታ ሊያቀርቡ ይችላሉ፦ «ድሮስ እኔ ባልመጣ ዕቅዳችሁ ይፈጸም ነበር?» አይፈጸምም ነበር። ስምንቱን ሰዓት ሞልቶ ያቀደ ሰው ከረፋዱ 4፡00 በፊት ተሸንፏል። አሁን የምናቅደው አምስቱን ብቻ ነው፤ ሦስቱ ለእርስዎ፣ ለመብራትና ለኔትወርክ ተመድቧል። ፕሪንትና ኮፒ መብራት እያለ ጠዋት ያልቃል። ዝርዝሩም ሦስት ሥራ ብቻ ነው፤ የሚጻፈው ከመውጣታችን በፊት 11፡15 ላይ ነው፣ ጠዋት ከተጻፈ መጀመሪያ በሩን ያንኳኳው ሰው ነው የሚሞላልን። በጥምቀት ሰሞን ዝርዝርም አይጻፍም፤ ከተማው በሙሉ ፋሲለደስ መዋኛ ወርዶ ማን ይሠራል?

ከሠላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለጥበቃ፤ ከ4፡00 በፊት «አሉ?» ብለው ሲጠይቁ «ስብሰባ ላይ ናቸው» እንዲል
ለቡና አፍዪዋ፤ ሁለተኛው ወንበር እንዳይጠረግ
ለስልካችን፤ መሳቢያ ውስጥ

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን በአካል ለመቀበል ከፈለጉ 10፡30 ላይ ይምጡ። ቴምብር እንዳይረሱ።