ለቢልሃርዚያው የገጠሩን ሰው አትክሰሱ

ሰሞኑን እዚህ ኮምቦልቻ በተደረገ ስብሰባ ላይ አንድ ኃላፊ ቢልሃርዚያ የገጠር በሽታ ነው፣ ከተማ ውስጥ የሚታየው ሥራ ፍለጋ የሚመጣው ሰው ይዞት ገብቶ ነው አሉ። በጣም ነው ያናደደኝ።

እሺ፣ ይዞት መጣ እንበል። ከዚያስ? ይኼ በትንፋሽ የሚተላለፍ ጉንፋን አይደለም። አንድ የታመመ ልጅ ከሐርቡ መጥቶ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ቢቀጠር፣ ከጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል ቢያድር፣ ከአንድ ትሪ ቢበላ ማንንም አያስይዝም። በሽታውን የሚያመጣው ትል ነው፤ የትሉ እንቁላል ከሰገራ ጋር ወጥቶ ውሃ መግባት አለበት። እዚያ ተፈልፍሎ ቀንድ አውጣ ማግኘት አለበት። ቀንድ አውጣው ውስጥ ሳምንታት ቆይቶ ከአንዱ ብዙ ሺህ እጭ ይሆንና ይወጣል፣ ከዚያ ነው እግሩን ውሃ ውስጥ የነከረውን ሰው ቆዳ በስቶ የሚገባው። ልጁ ደህና ሽንት ቤት ቢኖረው ኖሮ ነገሩ ጉድጓዱ ውስጥ ያልቅ ነበር! ታዲያ ሽንት ቤት የከለከለው ማነው? በየወሩ ኪራይ የሚቀበለው የከተማ ሰው ነው። እያየ ዝም ያለውም የከተማ ሹም ነው። የቦርከና ወንዝ ደሴን አቋርጦ ነው ወደ እኛ የሚወርደው፤ በመንገዱ ከየግቢው የሚለቀቅበት ፍሳሽም የገበሬ አይደለም።

«ኪኒን እየሰጠን ነው» ይላሉ ደግሞ። ኪኒኑ፣ ፕራዚኳንቴል፣ ጥሩ መድኃኒት ነው፣ አልክድም። ግን ሰውነት ውስጥ ያደገውን ትል ይገድላል እንጂ ነገ ወንዝ ስትገባ ዳግም ከመያዝ አያድንህም። ዘመቻውም በዋናነት ተማሪ ላይ ነው። ወንዝ ውስጥ ቆሞ ባጃጅ የሚያጥበው ወጣት የትኛው ክፍል ገብቶ ይዋጠው?

ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የደረሰበት ወንዝ ወርዶ ነው። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ። የኛዎቹ ግን ከአዳራሽ አይወጡም፣ ውሃውን ትተው የሰው አገር ይቆጥራሉ።

ወንዙ ዳር ልብስና ባጃጅ የሚታጠብበት የቧንቧ ውሃ ይዘርጋ። ሽንት ቤት የሌለው ግቢ አይከራይ። ኪኒኑም ለአጣቢዎቹና በቦርከና ውሃ አትክልት ለሚያለሙት ይድረስ፣ ያውም ከክረምቱ በፊት።